የአሜሪካ ፓርቲዎች የቴሌቪዥን ክርክር፦ ይጥላል እንጂ አያነግሥም

አሜሪካ ውስጥ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የገዛ ፓርቲውን ሰዎች ነው። ዴሞክራቱ ከዴሞክራት፣ ሪፐብሊካኑ ከሪፐብሊካን ይፎካከርና ከየፓርቲው አንድ ዕጩ ይወጣል። ፕራይመሪ የሚባለው ይኸው ነው። የቴሌቪዥን ክርክሩ ደግሞ የዚህ ፉክክር ትልቁ ትዕይንት ነው።

እኛ አገር የምርጫ ክርክር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የ1997ቱን የኢቲቪ ክርክር ነው። ያ ግን ገዥው ፓርቲ ከተቃዋሚዎች ጋር ያደረገው ነበር። እነዚህኞቹ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። በፖሊሲ ብዙም ስለማይለያዩ መለያ ፍለጋ አንዱ የሌላውን አነጋገር፣ ድሮ በምክር ቤት የሰጠውን ድምፅ፣ የድሮ ንግግሩን ይቆፍራሉ። የክርክሩ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። እንቅልፉን ሠውቶ ያየ ሰው ደግሞ መተቸት አይበዛበትም።

ነገሩ የተጀመረው በሬዲዮ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 ሪፐብሊካኖቹ ቶማስ ዱዊና ሃሮልድ ስታሰን ኦሪገን ውስጥ፣ ፖርትላንድ ከተማ ተከራከሩ። ርዕሱ አንድ ብቻ ነበር፦ የኮሚኒስት ፓርቲ በሕግ ይታገድ ወይስ አይታገድ? ለመግቢያ ብቻ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ተሰጣቸው። ይታገድ ያሉት ስታሰን ነበሩ። ዱዊ ሐሳብን በሕግ መግደል አይቻልም ብለው ተከራከሩ፤ ኦሪገንንም አሸነፉ። በ1956 አድላይ ስቲቨንሰንና ኤስቲስ ኪፎቨር ማያሚ ላይ ሲገናኙ ቴሌቪዥን ገባበት። ከዚያ ወዲህ የደቂቃው ቁጥር እያነሰ፣ የሰዉ ቁጥር እየበዛ ሄደ።

በ2015 ሪፐብሊካኖች 17 ዕጩ ይዘው መጡ። ፎክስ ኒውስ ክሊቭላንድ ላይ ባዘጋጀው የመጀመሪያ ክርክር በሕዝብ አስተያየት ጥናት የመሩት አሥሩ ዋናውን ምሽት አገኙ። የቀሩት ሰባቱ በጊዜ፣ ተመልካች ከሥራ ሳይገባ ተከራከሩ። ይህንን የቀሪዎች መድረክ ሰዉ የልጆች ገበታ እያለ አሾፈበት። ዋናውን ግን 24 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ዶናልድ ትራምፕ ነበሩበትና። በ2019 ዴሞክራቶች 20 ሰው አቀረቡ። አሥር አሥር አድርገው በሁለት ምሽት ከፈሏቸው።

መድረኩ ላይ ማን ይወጣል የሚለውን በ2019ና በ2023 የወሰኑት ፓርቲዎቹ ናቸው። መስፈርቱ በዋናነት ሁለት ነገር ያይ ነበር፦ የአስተያየት ጥናት ውጤትና ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ብዛት። በ2023 ሪፐብሊካኖች 40,000 ለጋሽ ጠየቁ። የገንዘቡ መጠን አይታይም፤ አንድ ዶላርም ይቆጠራል። የያኔው የሰሜን ዳኮታ አገረ ገዥ ዳግ በርገም ታዲያ ምን አደረጉ? ሀብታም ናቸው፤ አንድ ዶላር ላዋጣላቸው ሰው የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ ላኩለት። አንድ ሰጥተህ ሃያ ትወስዳለህ! በዚህም ለጋሾቻቸውን አሟልተው መድረኩ ላይ ወጡ። እኔ በርገምን አልወቅስም። መስፈርቱን ያወጣው ሰው ነው ማፈር ያለበት።

መድረኩ ላይ ያለው አሰላለፍም የራሱ ትርጉም አለው። በጥናት የሚመራው መሀል ይቆማል፤ ደካማው ወደ ዳር ይገፋል። በ2019ኙ የማያሚ ክርክር ለአንድ መልስ 60 ሰከንድ፣ ለተጨማሪ ማብራሪያ 30 ሰከንድ ተፈቀደ። ስለ ጤና መድን፣ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ጦርነት በ60 ሰከንድ ተናገር ነው ነገሩ። ሁለት ሰዓት ለአሥር ሰው ሲካፈል፣ ላዩ ላይ ማስታወቂያ ሲጨመርበት የሚተርፈውን አስቡት። ከዕጩዎቹ አንዱ የነበሩት አንድሩ ያንግ በዚያ ክርክር የተናገሩት ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እጅ ማውጣቱ ነው። አወያዮቹ ከባድ ጥያቄ ያነሱና «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ይላሉ። ሚልዋኪ ላይ በነሐሴ 2023 ስምንት ሪፐብሊካኖች ቆመው ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ተጠየቁ። ሮን ዴሳንቲስ «እኛ የትምህርት ቤት ልጆች አይደለንም፤ እንከራከር» ብለው ነገሩን አስቆሙት። ደስ አለኝ። በዚያው ምሽት ቆየት ብሎ ትራምፕ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ቢላቸውም ትደግፏቸዋላችሁ ወይ ተባለ። ስድስት እጅ ወጣ። ዴሳንቲስም ግራ ቀኛቸውን ቃኘት አድርገው አወጡ።

ይህ መድረክ ሰው ሲጥል አይቻለሁ፤ ሲያነግሥ ግን አላየሁም።

የቴክሳሱ አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ በህዳር 2011 ሚሺጋን ላይ ሥልጣን ስይዝ ሦስት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እዘጋለሁ አሉ። ንግድ፣ ትምህርት፣ እና... ሦስተኛው ጠፋቸው። ጎናቸው የነበሩት ሮን ፖል አምስት ነው መዘጋት ያለበት ብለው ጣልቃ ገቡ። ሌላ ሰው የአካባቢ ጥበቃው ነው ወይ ብሎ ሊያስታውሳቸው ሞከረ። አወያዩም አልለቀቃቸውም፤ ሦስተኛውን መጥቀስ አይችሉም ወይ አላቸው። ፔሪ ወረቀታቸውን አዩ፣ ጣታቸውን ቆጠሩ፣ መጨረሻ ላይ «ይቅርታ፣ ኡፕስ» አሉ። ሁሉ ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ዘመቻቸው ከዚያ በኋላ አላንሠራራም። የጠፋቸው መሥሪያ ቤት ኢነርጂ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ትራምፕ የዚያው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው።

በየካቲት 2016 ኒው ሃምፕሸር ላይ ክሪስ ክሪስቲ ማርኮ ሩቢዮን በቃሉ የሸመደደውን 25 ሰከንድ ነው የሚደጋግመው ብለው ወረዱባቸው። ሩቢዮ ምን መለሱ? ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገሙት። ደግሞም ደገሙት። «ይኸው፣ ይኸው!» አሉ ክሪስቲ። ሩቢዮ በዚያ ግዛት ፕራይመሪ አምስተኛ ወጡ። ታዲያ ክሪስቲ ምን አተረፉ? ስድስተኛ ወጥተው በማግስቱ ውድድሩን ተሰናበቱ።

በየካቲት 2020 ላስ ቬጋስ ላይም ያው ታሪክ ነው። ማይክል ብሉምበርግ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለማስታወቂያ አፍስሰው የመጡ ቢሊየነር ናቸው። ኤልዛቤት ዋረን ስለ ሴት ሠራተኞቻቸውና ስለ ምስጢር መጠበቂያ ውሎቻቸው ሲያፋጥጧቸው መልስ አጡ። ውሎቹን አፍርሰው ሴቶቹ እንዲናገሩ ይፍቀዱ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ምናልባት የተናገርኩት ቀልድ አልጣማቸው ይሆናል ዓይነት ነገር ተናገሩ። በሁለት ሳምንታቸው ከውድድሩ ወጡ። ዋረንም በማግስቱ ወጡ። ካማላ ሃሪስ በ2019 ጆ ባይደንን ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማቀላቀል በተደረገው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጉዳይ ክፉኛ መትተው አንድ ሰሞን ከፍ አሉ፤ ድምፅ መስጠት ሳይጀመር ግን ራሳቸውን አገለሉ። ዕጩ የሆኑት የተመቱት ባይደን ናቸው። ሃሪስን ምክትላቸው ያደረጉትም እሳቸው ናቸው።

ሮናልድ ሬገንስ የሚለኝ ይኖራል። በ1980 ናሹዋ ላይ የድምፅ ማጉያቸው ይዘጋ ሲባል «ለዚህ ማይክራፎን የምከፍለው እኔ ነኝ!» ብለው አዳራሹን አናወጡት፤ ኒው ሃምፕሸርንም በሰፊው አሸነፉ። እውነት ነው። ግን ያ ክርክር ሳይጀመር የተነሳ ጠብ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኢኮኖሚው ምን እንዳሉ ማን ያስታውሳል?

ሲያልቅ ደግሞ ስፒን ሩም የሚባል ክፍል አለ። የየዕጩው ሰዎች ጋዜጠኛ ከበው የእኛ ሰው አሸነፈ ይላሉ። ሁሉም አሸንፏል። ለዚያ ክፍል አንድ ደቂቃ አላባክንም። የአወያዮቹ ጉዳይ ግን ያሳስባል፤ ጣቢያዎቹ ገበያተኛ ናቸውና ጠብ ይወዳሉ። በ2015 የሲኤንቢሲ ጥያቄዎች ሪፐብሊካኖችን ስላስቆጡ ፓርቲው ከእህት ጣቢያው ከኤንቢሲ ጋር የያዘውን የሚቀጥለውን ክርክር አቋረጠ። በ2016 ደግሞ የሲኤንኤን ተንታኝ የነበሩት ዶና ብራዚል ጥያቄ አስቀድመው ለሂላሪ ክሊንተን ቡድን ማሳለፋቸው ተጋለጠ፤ ጣቢያውም ከእሳቸው ጋር ተለያየ።

የመድረኩን አቅም ልክ ያሳዩት ትራምፕ ናቸው። በ2023 ሰፊ መሪነት ይዘው ለምን እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። አንድም የፓርቲያቸው ክርክር ላይ አልተገኙም፤ ዕጩነቱን ግን በቀላሉ ወሰዱ።

እስካሁን ካየኋቸው የወደድኩት የመጋቢት 2020ውን ነው። በኮሮና ምክንያት ከፊኒክስ ወደ ዋሽንግተን ስቱዲዮ ተዛወረ። ታዳሚ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ፉጨት የለም። ባይደንና በርኒ ሳንደርስ በክርን ሰላምታ ተለዋውጠው ተራርቀው ቆሙ። ስለ ጤና መድን፣ ስለ ወረርሽኙ፣ ስለ ድሮ ድምፆቻቸው አንዱ የሌላውን ሐሳብ እየተከተለ ጠየቀ፣ መለሰ። ባይደን ምክትሌ ሴት ትሆናለች ብለው ቃል የገቡትም እዚያ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ባይደን ውድድሩን ጨርሰውት ነበር። የዚያ ዙር የመጨረሻ ክርክርም እሱ ሆነ።