ከግሸን መልስ፦ ምን ብለን ተሳልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ከግሸን ማርያም በዓል በሰላም ተመለሳችሁ። መስከረም 21 አልፏል። ከደሴም ከወልድያም ከአዲስ አበባም የመጣው ሕዝብ ወደየቤቱ ገብቷል፤ የጉልበት ሕመሙ ግን ገና አለቀቀንም። ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ እንነጋገር፤ እዚያ ወጥተን ምን ብለን ተሳልን? ብዙዎቻችን የዓመት ዕቅድ በደብተር አንጽፍም። ነገር ግን አንድ ሰው ግሸን ላይ የተሳለውን የሰማ፣ ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሮጥለትን ነገር አወቀ ማለት ነው።

ቅጽሩ አጠገብ ከኋላዬ አንዲት እናት ቆማ ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ፣ በአንድ እጇ ጧፍ በሌላው ስልኳን ይዛ፣ "እመቤቴ፣ ልጄ ሳዑዲ ገብታ ሥራ ትያዝልኝ እንጂ ለከርሞ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ" ትላለች። ልጅቷ ከጎኗ አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አጠገባቸው የነበሩ አሮጊት "አብሽሪ፣ እሷ ታውቃለች" አሏት፤ ለእናትየዋ ይሁን ለልጅቷ አልለየሁም።

እናትየዋን ለመውቀስ አይደለም ይህን ያነሣሁት። የወሎ ገጠር እርሻ እንደ ጠበበ፣ ዝናቡ እንደሚከዳ፣ በአረብ አገር ብር ስንት ቤት ቆርቆሮ እንደለበሰና ስንት ታናሽ ወንድም እንደተማረ ሁላችንም እናውቃለን። የከነከነኝ ሌላ ነው። ስእለቱ የማን ነበር? የልጅቷ ነው? የእናቷ ነው? ወይስ ማዶ ያለው ጎረቤት ቤት ሲሠራ አይተን ያደረብን ነው? ከምንሮጥላቸው ነገሮች ብዙዎቹ እኛ የመረጥናቸው አይደሉም፤ ሰው ሲሮጥ አይተን የተከተልናቸው ናቸው። የተከተልነውን ነገር ደግሞ እግዚአብሔር ፊት ስናቀርበው እንደ ራሳችን አሳብ አድርገን ነው።

ጌታችን "ከእናንተ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ለመደምደሚያ የሚበቃ ያለው እንደ ሆነ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን የማይቈጥር ማን ነው?" ብሏል (ሉቃ. 14፥28)። ይህን ቃል ለንግድ ምክር ብቻ የሚጠቅሱ አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። ጌታ ይህን የተናገረው ብዙ ሕዝብ ይከተለው በነበረበት ጊዜ ዘወር ብሎ ነው። መስቀሉን መሸከም የማይፈልግ ሰው ደቀ መዝሙር ሊሆን እንደማይችል ከነገራቸው በኋላ ነው ግንቡን ያመጣው። ስለዚህ ኪሣራ ስንቆጥር የደላላውን ብር፣ የጅቡቲን መንገድና የየመንን ባሕር ብቻ አንቁጠር። እዚያ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ስትውል ማን ያናዝዛታል? ማን ያቆርባታል? ጾሟንስ ማን ይጠብቅላታል? ይህን ቆጥሮ አሁንም "ትሂድ" የሚል ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ አልፈርድም። ሳይቆጥር የሚስል ግን ምን እየጠየቀ እንደሆነ አያውቅም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ከተጻፉት ስእለቶች እኔን በጣም የሚገርመኝ የሐና ነው (1 ሳሙ. 1)። ሐና ልጅ ለመነች። ልጅ ከሰጠኸኝ ላም አርዳለሁ፣ መጋረጃ አገባለሁ አላለችም፤ የምትለምነውን ራሱን መልሳ ሰጠችው። ልጁን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለእግዚአብሔር አቆመችው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንስለው ከጠየቅነው ነገር ውጭ የሆነ ነገር ነው። መኪናው ለእኔ፣ ጃንጥላው ለእመቤቴ። ጃንጥላ ማግባት መልካም ነው፤ ታቦት የሚወጣበት፣ ካህናት የሚያገለግሉበት ነው። ግን ሐና ያደረገችውን በራሳችን ላይ እንሞክረው፦ ይህ የምመኘው ሥራ፣ ይህ ቤት፣ ይህ ዲግሪ ቢሰጠኝ፣ ራሱን ነገሩን ለእግዚአብሔር መልሼ ልሰጠው እችላለሁ? "ይህማ የኔ ነው" የምንልበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል።

አሁን ደግሞ ወደ ግሸን አምባ ታሪክ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት፣ ግማደ መስቀሉን፣ ማለትም የጌታን መስቀል ክፋይ፣ ለማምጣት የተነሡት አፄ ዳዊት ነበሩ። መስቀሉን ተቀብለው ሲመለሱ በመንገድ ስናር ላይ አረፉ። የጀመሩትን ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተረከቡ፤ መስቀሉን ካስመጡ በኋላ ግን የት እንደሚያኖሩት አላወቁም። "መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር" የሚል ራእይ ታያቸው፤ ቦታው ግን አልተነገራቸውም። ስለዚህ ፍለጋ ሆነ። ከአገር አገር ዞሩ፤ በየቦታው አሳርፈው ጸለዩ፤ "ይህ ነው" የሚል ምልክት ሲያጡ ተነሥተው ሄዱ። በመጨረሻ የመስቀል ቅርጽ ወዳለው የአምባሰሉ ተራራ ደርሰው በ1446 ዓ.ም. መስቀሉን እዚያ አኖሩት።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ ቶሎ የምናልፈው አንድ ነገር ግን አለ። ግሸን በዚያ ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ የሚታሰሩበት አምባ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሣቸው በፊት በዚያው አምባ በግዞት እንደኖሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እንግዲህ አገር ለአገር ዞረው የፈለጉት ቦታ የታሰሩበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ለእግዚአብሔር ይህ ከባድ አይደለም፤ ለእኛ ግን ከባድ ነው። "እግዚአብሔር ካዘጋጀልኝ ሩቅ ነው፣ የተናቅሁበትና የተሠቃየሁበት አገር ግን አይሆንም" ብለን አስቀድመን የዘጋነው በር ስንት ይሆን?

አፄ ዳዊት ያልጨረሱት ነገር ስማቸውን የወረሱበትን የእስራኤሉን ንጉሥ ያስታውሰኛል። ዳዊት እግዚአብሔር በድንኳን፣ እርሱ ግን በዝግባ ቤት መኖሩ ከበደው፤ ቤተ መቅደስ ልሥራ አለ። ነቢዩ ናታን እንኳ መጀመሪያ "በልብህ ያለውን አድርግ" አለው። በዚያች ሌሊት ግን ቃሉ ተቃራኒ ሆኖ መጣ። ልብ በሉ፤ ዳዊት የጠየቀው ክፉ ነገር አልነበረም፤ እርሻ ወይም ሚስት አልነበረም፤ የእግዚአብሔር ቤት ነበር። መልካም አሳብ፣ ንጹሕ ልብ፣ የነቢይ ምርቃት ሁሉ ነበረው፤ መልሱ ግን "አንተ አይደለህም" ሆነ። ብዙ ደም አፍስሷልና (1 ዜና 22፥8)።

እኔ ዳዊትን ብሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፦ አኩርፌ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እተው ነበር። እርሱ ግን ድንጋይ ጠራቢዎችን ሰበሰበ። ለመዝጊያ ሚስማር የሚሆን ብረት፣ የማይመዘን ናስ፣ የማይቆጠር ዝግባ አከማቸ። መቶ ሺህ መክሊት ወርቅ አዘጋጅቶ ለሰሎሞን "አንተም ጨምርበት" አለው። የሕንጻውንም ንድፍ ሰጠው። ልጁ ሥራውን ሲጀምር የሚጎድለው ነገር እንዳይኖር አድርጎ ሞተ። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲባርክ የመሰከረውም ይህን ነው፤ እግዚአብሔር ለአባቱ "ይህን በልብህ ማሰብህ መልካም አደረግህ" እንዳለው (1 ነገ. 8፥18)። ሥራው ለሌላ ተሰጠ፤ አሳቡ ግን ተመሰገነ። ለልጅህ ደብተር ስትገዛ አንተ ያልተማርከውን ትምህርት ነው የምታዘጋጀው፤ ይህ ዳዊት ያደረገው ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም እንዲሁ ነው። በእስያ ቃሉን እንዳይናገር ተከለከለ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሞከረ፣ መንፈስም አልፈቀደለትም፤ ጢሮአዳ ላይ አንድ የመቄዶንያ ሰው በራእይ ታየው (ሐዋ. 16)። ሁለት በር እስኪዘጋበት ድረስ አልተቀመጠም፤ እየሄደ ነው የተመለሰው።

እንግዲህ "የእኔ ስእለት ከእግዚአብሔር ይሁን ከምቀኝነት በምን አውቃለሁ?" ብትሉ፣ አባቶቻችን የሚሉት አንድ ነው፦ ለሰው ንገሩት። በዋድላ ቅኔ ቤት የተቀመጠ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። ማታ የሰማውን ይዞ ጫካ ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ይውላል፤ ያገኘው ቅኔ ድንቅ ነው ብሎ ደስ ብሎት ይመለሳል። ነገር ግን የኔታ ፊት ቆሞ እስካልነገረው ድረስ ገና ቅኔ አልሆነም። ቤት ሳይመታ የቀረውን፣ ምሥጢሩ የተዛባውን የኔታ ይነግሩታል፤ እሱም ይመለሳል፣ ነገም ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው እየታረመ ነው። ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲያደንቀው የሚውል ተማሪ ዘንድሮም ከርሞም ጉባኤ ቃና ላይ ነው። አበ ነፍስ፣ የንስሐ አባታችን፣ የተሰጠን ለኃጢአት ብቻ አይደለም። "አባ፣ ይህን አስቤአለሁ" ብሎ አሳብን መናገርም የንስሐ ልጅ ወግ ነው።

ከደሴ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የዚህ ምስክር ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ትምህርት ቤት ሲያቆሙ፣ እሳቸው ራሳቸው ደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው የመጡ ነበሩ። ወደ እሳቸው ከመጡት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚነግረን ያን ጊዜ ተምረው ያልጨረሱ ወጣት አልነበሩም፤ ካህን ናቸው፣ ሰብከው ያሳመኑ ናቸው። ግን ሐይቅ ገብተው እንደ ታናሽ ረድእ ታዘዙ፤ ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው እንደገና ታዘዙ። ወደ ሸዋ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደብረ ሊባኖስም የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት "ጊዜዬ አለፈ" ብለው ቢቆጥሩት ኖሮ የሚቆጥሩት ምክንያት ነበራቸው።

ነገ ስለምናደርገው ስንናገር "ጌታ ቢፈቅድ" እንድንል ያዕቆብ በመልእክቱ ያዘናል (ያዕ. 4፥15)። በዚህ በኩል ወሎ ብዙ ሰባኪ አያስፈልገውም፤ ክርስቲያኑ "እግዚአብሔር ቢፈቅድ" ይላል፣ እስላም ጎረቤቱ "ኢንሻአላህ" ይላል፣ አንዳንዴም ይለዋወጡታል። አፋችን ላይ ያለው ቃል ግን ስእለታችን ውስጥ ይግባ። "ይህን ስጪኝ" ስንል "የማይሆነኝ ከሆነም አስቀሪልኝ" የሚለውን እንጨምር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ግሸን ላይ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው። ስእለቱ ደርሶለት የሚከፍለው ያጣ ሰው በወለድ አይበደር። ተስሎ አለመክፈል ቀላል ነገር አይደለም፤ መክብብ 5ን አንብቡት። ግን ለአበ ነፍሱ ሄዶ ይንገር፤ ጃንጥላው ወደ ጧፍ ይለወጥ፣ ይከፋፈል፣ ይቆይ እንደሆነ ካህኑ ይወስናሉ። ስእለቱ ያልደረሰለት ደግሞ "አልሰማችኝም" ብሎ ወደ ሌላ ደብር ከመዞሩ በፊት፣ ምን ብሎ እንደተሳለ ቃል በቃል ጽፎ እዚያው አበ ነፍሱ ጋ ይዞት ይሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።