«የሚያነብላቸው ሰው አለ»፦ ስለ ዓይነ ስውራንና የመንግሥት ድረ ገጾች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ጓደኛዬ የመንግሥት አገልግሎት ፎርም ኦንላይን ሊሞላ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይነ ስውር ነው። ሕግ ተምሯል፤ ኪቦርድ ላይ ከእኔ ይፈጥናል። ላፕቶፑ ጮክ ብሎ ያነብለት ጀመር፦ «የጽሑፍ ሳጥን፣ ባዶ። የጽሑፍ ሳጥን፣ ባዶ። በተን። በተን።» የቱ ሳጥን ስሙን፣ የቱ የልደት ቀኑን እንደሚጠይቅ ገጹ አልነገረውም። ለእኔ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ግማሽ ሰዓት ከታገለ በኋላ «በቃ፣ አንቺው ሙዪልኝ» አለና ፓስወርዱን ነገረኝ።

እኔ የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ያን ቀን በሙያዬ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ባልደረቦቼም ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዓይነ ስውር በኢንተርኔት ምን ይሠራል?»

እኛ የምንሠራውን ሁሉ። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ኮምፒውተር ላይ በሰፊው የሚሠራበት ኤንቪዲኤ በነፃ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ራሱ ዓይነ ስውር ነው። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ከ2009 ጀምሮ አለ፤ አንድሮይድ ደግሞ ቶክባክ አለው። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት፣ ታገኙታላችሁ።

ገጹንም ከላይ እስከ ታች ቁጭ ብለው አያዳምጡትም። እኛ በዓይናችን ርዕስ ርዕሱን እንደምንቃኘው፣ ኤንቪዲኤ ላይ «ኤች»ን ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ርዕስ፣ «ኬ»ን ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ሊንክ ይዘላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ርዕሱ ኮዱ ውስጥም «ርዕስ» ተብሎ ከተጻፈ ነው። ፊደሉን ማወፈርና ማተለቅ ብቻውን ለጆሮ ምንም አይፈይድም።

«አማርኛ በማሽን አይነበብም»

ይነበባል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያውቃል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ጆሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። ማይክሮሶፍትም «መቅደስ» እና «አምሃ» የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ እነሱ ሰው ሰው ይላሉ።

የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት ዩኒኮድ የሚባል የጋራ የኮድ ሥርዓት አለ፤ የግዕዝ ፊደል እሱ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን አሁንም ይዘዋወራል። ለዓይን «ማመልከቻ» የሚል ቃል፣ ከሥሩ ሲታይ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበውም ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ሌላም አለ፦ ገጹ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆኖ ኮዱ ላይ ቋንቋው «እንግሊዝኛ» እንደተባለ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከውጭ የመጣውን ቴምፕሌት እንዳለ ስለምንጠቀም ነው። ሁለት ፊደል መቀየር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ስንቶቻችን እንደምንረሳው ግን እኔ አውቃለሁ።

«ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ፒዲኤፉም አለ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አንድ ደብዳቤ ኮምፒውተር ላይ ይተየባል። ይታተማል። ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ፣ አንዳንዴም ስካን ተደርጎ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። የሥራ ቅጥር፣ የፈተና ቀን፣ የምዝገባ ማራዘሚያ፣ ጨረታ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚመጣው። ጓደኛዬ ሲከፍተው ስልኩ የሚለው አንድ ቃል ነው፦ «ምስል»። በቃ። መጀመሪያ እኮ ጽሑፍ ነበር! ማንበብ የሚቻለውን ነገር እኛው ነን ወደማይነበብ የቀየርነው።

ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ አማርኛም ይሞክራሉ። ማኅተሙ ያረፈበት መስመርና ሠንጠረዥ ላይ ግን ይደናገራሉ። «13» የነበረው ቀን «18» ሆኖ ከተነበበ ሰውየው ፈተናው አመለጠው ማለት ነው።

ማኅተሙ ይቅር አላልኩም። ፎቶው ይለጠፍ፤ ከሥሩ ያው የተተየበው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ይግባ። ደቂቃ አይፈጅም። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ሰውም ፎቶው እስኪከፈት ሳይጠብቅ ያነበዋል።

«የሚያነብላቸው ሰው አለ»

ይኼን የሚሉት ብዙ ጊዜ ደግ ሰዎች ናቸው። ግን አስቡት። የፈተና ውጤታችሁን ከእናንተ በፊት ጎረቤት ሲያየው። የሕክምና ውጤታችሁን የእህታችሁ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነበው። ስልክ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ለኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ስትነግሩ። ጓደኛዬ ፓስወርዱን ሲነግረኝ ስለሚያምነኝ ነው። እኔ አጠገቡ ባልኖርስ ለማን ሊነግር ነው?

«የተደራሽነት በተን አስገብተናል»

ገጹ ጥግ ላይ የምትቀመጠውን፣ የሰው ምስል ያለባትን ክብ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ፊደል ታተልቃለች፣ ቀለም ትቀይራለች። ዓይነ ስውሩ ግን ይዞት የመጣ የራሱ ስክሪን ሪደር አለው፤ ስም የሌለው ሳጥን በተኗ ስላለች ስም አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ኩባንያው ምርቱ ማንኛውንም ድረ ገጽ የተደራሽነት መስፈርት ያሟላ ያደርጋል እያለ ያስተዋውቅ ነበር።

«ሮቦት እንዳይገባ ነው»

ፎርሙን ከመላካችሁ በፊት «አይታችሁ ጻፉ» የሚሏችሁን የተጣመሙ ፊደላት ማለታቸው ነው። ሮቦት እንዳይገባ ተብሎ የተዘጋው በር ሰውም አላስገባም። ቢያንስ በድምፅ የሚሰማ አማራጭ ይኑር፤ ወይም ኮዱ በስልክ ይላክ።

«ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ በጀት ሲገኝ እናየዋለን»

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲያነሳ ኢንተርኔትን በስም ይጠራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ ጉዳዩ የበጎ አድራጎት አይደለም።

ገንዘቡስ? የጓደኛዬን ፎርም የጎደለው ለእያንዳንዱ ሳጥን ስሙን የሚያያይዝ አንድ መስመር ኮድ ነው። ከመጀመሪያው ሲጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ውድ የሚሆነው አልቆ ከተመረቀ በኋላ ፈርሶ ሲሠራ ነው። እና ድረ ገጹ የሚሠራበት የጨረታ ሰነድ ላይ ይግባ፦ «ደብልዩካግ 2.2፣ ደረጃ ኤኤ ያሟላ»። ዓለም የሚሠራበት የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርት ነው፤ ሲረከቡም በሱ መፈተሽ ይቻላል።

«ቼክ አድርገነዋል፣ 100 ከ100 አመጣ»

ገጹን በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም የሚይዘው የስህተቱን ከፊል ነው። ፎቶው መግለጫ እንዳለው ያያል፤ መግለጫው «ምስል1» ቢልም ያልፈዋል። ማውሱን ንቀሉና በኪቦርድ ብቻ፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን በታብ ቁልፍ እየዘለላችሁ፣ ፎርሙን ሞልታችሁ ለመላክ ሞክሩ። ከዚያ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ጋብዙ፣ ከፎርሙ ጋር ብቻውን ተዉት፣ የት የት እንደቆመ ጻፉ። ለሰዓቱም እንደማንኛውም ባለሙያ ይከፈለው።