የፀጉር ብሩሽ አጠባና አያያዝ

ፎጣ ይታጠባል፣ የትራስ ልብስ ይቀየራል፣ የጥርስ ብሩሽም ሲያረጅ ይጣላል። የፀጉር ብሩሽ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በየቀኑ ራስ ላይ ይወጣል፤ የተጠመጠመበት ፀጉር ሲበዛ ይነቀልለታል፤ ከዚያ ተመልሶ መሳቢያው ውስጥ ይገባል። ማጠቡ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው፣ ብሩሹን ሳያበላሹ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ነው።

ብሩሽ ላይ የሚጠራቀመው

ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፍበታል። ስለዚህ ብሩሽ ላይ ፀጉር ማየት ብቻውን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ከፀጉሩ ጋር ግን ሌላም ይመጣል። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ አለ፣ የሞተ ቆዳ አለ፣ አቧራ አለ። የቅባት፣ የጄልና የስፕሬይ ቅሪትም ይጨመርበታል። ወዙና ቅባቱ ያጣብቃሉ፤ ሌላው ሁሉ እነሱ ላይ ይለጠፋል።

ሰንበትበት ያለ ብሩሽ ወስዳችሁ መስኮት አጠገብ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ጥርሶቹ ጫፋቸው ላይ ንጹሕ ይመስላሉ። ወደ ሥራቸው ወረድ ሲባል ግን ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር በየረድፉ መሀል ተነጥፎ ይታያል። በጥፍር ሲነካ ተያይዞ ይነሳል፤ ጣት ላይም ቅባት ይተዋል። ብዙ ሰው አቧራ ብቻ ይመስለዋል። ከልብስና ከፎጣ የሚረግፍ ብናኝ ከቆዳ ቅርፊትና ከወዝ ጋር ተጋግሮ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ጣጣው ምንድን ነው ከተባለ፣ እንዲህ ያለ ብሩሽ አዲስ የታጠበ ፀጉር ላይ አሮጌ ወዝ መልሶ ይቀባል። ፀጉር በታጠበ ማግስት ወዛ፣ ከበደ ካለ፣ ሻምፖ ከመቀየር በፊት ብሩሹን መጠርጠር ነው። ፎረፎር ላለበት ሰው ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይብሳል። ከፎረፎር ጋር የሚያያዘው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ በአብዛኛው አዋቂ ሰው ራስ ላይ ይኖራል፤ የሚመገበውም ይህንኑ ወዝ ነው። ብሩሽ በማጠብ ፎረፎር አይድንም። ቢያንስ ግን የረገፈውን ቅርፊት መልሶ ራስ ላይ መበተን ይቀራል።

ከምን ተሠራ?

ውሃ ከመቅዳት በፊት ብሩሹ ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነ ብሩሽ ወይም ማበጠሪያ አያስቸግርም፤ ተነክሮ መቆየት ይችላል። እንጨት ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይላጣል። ጥርሱ ከአሳማ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ ደግሞ እንደ ሰው ፀጉር ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። በጣም የሞቀ ውሃ ያልፈሰፍሰዋል።

ትልቁ ራስ ምታት ጥርሶቹ ለስላሳ ጎማ ላይ የተተከሉበት ብሩሽ ነው። ከጎማው ሥር አየር የሞላው ክፍተት አለ። ይህን ዓይነቱን እንግሊዝ አገር ሜሰን ፒርሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ፈጠረው። ጎማው ሲጫኑት ገባ ስለሚል የራስ ቆዳን አይቧጥጥም፤ በዚህ በኩል እሰየው ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጎማው ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ መኖሯ ነው። ብሩሹ ሲነከር ውሃ በእሷ ይገባና ውስጥ ይተኛል። ከቀናት በኋላ ጎማው ሲጫን እርጥበትና የሻገተ ሽታ ይወጣል።

ብሩሽ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው የሚለው ብሶት የዛሬ አይደለም። ላይዳ ኒውማን የተባለች የኒው ዮርክ ነዋሪ ጥቁር አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1898 ለሠራችው ብሩሽ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝታለች። የብሩሹ ዋና ሐሳብ ይኸው ጉዳይ ነበር። ቆሻሻው በጥርሶቹ መሀል አልፎ ከኋላ ወዳለው ክፍተት ይገባል፤ ከዚያ ብሩሹ ተከፍቶ ይጸዳል። ዛሬም ጎማው ከእጀታው ተስቦ የሚወጣ ብሩሽ አለ። ማጠብ ለሚሰለቸው ሰው እሱን መግዛት ያዋጣል።

አጠባው

መጀመሪያ ፀጉሩ በደረቁ ይነቀላል። ውሃ ከነካው በኋላ ጥርሶቹ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል። ጭራ ያለው ማበጠሪያ ካለ፣ ጭራውን በጎን በኩል ከተጠመጠመው ፀጉር ሥር ማስገባትና ወደ ላይ ማንሳት ነው። ሙሉው አንድ ላይ ተነቅሎ ሲመጣ ደስ ይላል። ክብ ብሩሽ ላይ ግን ፀጉሩ ዙሪያውን ስለሚተበተብ እንዲህ አይወጣም። በመቀስ ጫፍ በረድፎቹ መሀል ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያ መሳብ ይሻላል። የቀረውን በስቴኪኒ ወይም በወረንጦ መልቀም ይቻላል። የወጣው ፀጉር ቦታው ቆሻሻ መጣያ ነው፤ ቧንቧ ከሚዘጉ ነገሮች አንዱ ፀጉር ነውና ሲንክ ውስጥ አይጣልም።

ለማጠቢያ ሻምፖ ይበቃል። ሻምፖ የተሠራው የራስ ወዝ ለማስለቀቅ ነው፤ ብሩሹ ላይ ያለውም ያው ወዝ ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ አድርጎ አረፋ ማውጣት፣ ከዚያ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ከጥርሶቹ ሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ መፈተግ ነው። ፕላስቲኩ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቢዘፈዘፍ ፍተጋውን ያቀልለታል። ባለጎማው አይዘፈዘፍም። ጥርሶቹን ወደ ታች አድርጎ ጫፋቸውን ብቻ ማስነካት ነው፤ ጎማው ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም። የእንጨቱን ደግሞ አረፋ በነካ የጥርስ ብሩሽ አሽቶ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ጄልና ስፕሬይ የጠነከረበት የፕላስቲክ ብሩሽ ከሆነ ውሃው ላይ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ያግዛል። አቼቶና ሶዳ አንድ ላይ ቀላቅሉ የሚለው ምክር ግን አይረባም። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ይገድለዋል። አረፋው ለዓይን ደስ ይላል፣ ካለቀ በኋላ ግን የሚቀረው ከጨዋማ ውሃ ብዙም የማይለይ ነገር ነው። በረኪና ደግሞ ይቅር። ብረት ጥርስ ያዝጋል፣ ጎማ ያደርቃል። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የፈላ ውሃም ፕላስቲክ ያጣምማል፣ ሙጫ ያላቅቃል።

ማድረቅ

ብዙ ብሩሽ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው በጥንቃቄ አጥቦ፣ ጥርሶቹን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ውሃው በጥርሶቹ ላይ ወርዶ ሥራቸው ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ እንጨቱ ወይም ጎማው ውስጥ ይገባል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። በደንብ አራግፎ፣ ጥርሶቹን ወደ ታች አድርጎ ደረቅ ፎጣ ላይ መድፋት ነው። ባለጎማ ከሆነ ከመድፋት በፊት ጎማውን ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል፤ ውስጥ የገባ ውሃ ካለ በቀዳዳዋ ይወጣል። አመሻሽ ላይ ታጥቦ ቢያድር ጥሩ ነው። ፎን ቅርብ አድርጎ መንፋት፣ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጎማውን ያሰነጥቀዋል። ሳይደርቅ መሳቢያ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከገባም ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

በየስንት ጊዜው?

ፀጉሩ በየሳምንቱ ቢነቀል፣ ብሩሹ በወር አንዴ ቢታጠብ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቅባት፣ ጄል ወይም ስፕሬይ የሚያበዛ ሰው ግን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ማጠብ አለበት።

በሽታ ሲኖር

ብሩሽና ማበጠሪያ መዋዋስ የቤተሰብ ወግ ቢመስልም፣ ቆረቆርም ሆነ ቅማል ከራስ ወደ ራስ ሊሄድበት ይችላል። ቤት ውስጥ ቅማል ከታየ ማበጠሪያዎቹ ቢያንስ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ይህ ሙቀት እጅ የማይችለው ነው፤ ሲነከርም ሲወጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ የማይችለውን ብሩሽ ፌስታል ውስጥ ጥርቅም አድርጎ አስሮ ለሁለት ሳምንት መተው ይቻላል። ቅማል ከራስ ላይ ከወረደ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ የቀረው ጊዜ ለቅጫሙ ነው።

ፀጉር ቤቶች ማበጠሪያ የሚነክሩበት ሰማያዊ ፈሳሽ ባርቢሳይድ ይባላል። ሞሪስ ኪንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 የሠራው ነው። እዚያም ቢሆን ማበጠሪያው ፀጉሩ ተነቅሎና ታጥቦ ነው የሚነከረው፤ ቆሻሻ የሸፈነውን ጀርም መድኃኒቱ አያገኘውም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት ብሩሽ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ብሩሹ ሲያረጅ

የጥርሶቹ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ነገር ከወለቀች ጥርሱ የራስ ቆዳ ይቧጥጣል፣ ፀጉርም ይበጥሳል። አንድ ሁለት ጥርስ ከሆነ ነቅሎ መጣል ይቻላል። ብዙ ከሆኑ፣ ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ወይም ታጥቦም ደርቆም ሽታው አልሄድ ካለ፣ መተካት ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብሩሽና ፒያስትራ ከዚህ ሁሉ ወጣ ያሉ ናቸው። ከሶኬት ተነቅለው፣ በደንብ ቀዝቅዘው፣ ተጨምቆ እርጥበቱ ብቻ በቀረ ጨርቅ ይጠረጋሉ። ውሃ ውስጥ አይገቡም፤ ጨርሰው ሳይደርቁም አይሰኩም።