ለክርስቶስ ክብር ሲቀና የሳተው አቡሊናርዮስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰሙነ ሕማማት የጌቴሴማኒው ወንጌል ከተነበበ በኋላ አንድ ወንድም «አምላክ እንዴት ያዝናል? ለይምሰል ነው እንጂ» እያለ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁ። ለጌታ ክብር ቀንቶ እንደተናገረ አልጠራጠርም። ግን ደነገጥሁ፤ አቡሊናርዮስም እንዲሁ በቅንዓት ነበር የጀመረው።

አርዮስንና ንስጥሮስን ሁላችን እናውቃለን፤ የሎዶቅያውን ኤጲስ ቆጶስ አቡሊናርዮስን ግን ብዙዎቻችን አናነሣውም። (ሎዶቅያ ያልኋት የሶርያዋን ነው፤ በዮሐንስ ራእይ የተጻፈችው ሌላ ናት።) ይህ ሰው የቅዱስ አትናቴዎስ ወዳጅ ነበር። የሮሙ ንጉሥ ዮልያኖስ እ.ኤ.አ. በ362 ክርስቲያን መምህራን የግሪክን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ሲከለክል፣ ከአባቱ ጋር ሆኖ ቅዱሳት መጻሕፍትን በግሪክ ግጥም አዘጋጀ። ወልድን ፍጡር የሚሉትን አርዮሳውያንንም አጥብቆ ተከራከረ።

ከዚያስ? የወልድን አምላክነት እጠብቃለሁ ሲል ሰውነቱን አጎደለ። ቃል ሥጋን ሲዋሐድ ለባዊት ነፍስን፣ ማለትም የምታስተውለውን ነፍስ (ልቡናን)፣ አልነሣም፤ በእርሷ ፈንታ መለኮት ሆነለት አለ። የሰው ልቡና የሚለዋወጥና ለኃጢአት የቀረበ ነው ብሎ ለጌታ ነፈገው። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ኑፋቄውን አወገዙ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም ያልነሣውን አላዳነውም ብሎ መልስ ጻፈበት። በአዳም ላይ አስቀድሞ የቆሰለው ልቡናው አይደለምን? እጁ ወደ ዕፀ በለስ ሳይዘረጋ በፊት ልቡ ትእዛዙን ትቶ ነበር። ታዲያ ጌታ ሥጋን ብቻ ነሥቶ ቢሆን የታመመውን ትቶ ማንን ሊፈውስ መጣ?

ወገኖቼ፣ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» (ማቴ 26፥38) ያለው እርሱ ራሱ ነው። ይህን ብሎ ጥቂት ራቅ አለና በፊቱ ወድቆ ጸለየ። ተመለሰ፤ ደቀ መዛሙርቱ ተኝተዋል። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ፤ አሁንም ተኝተዋል። ይህ ምትሐት አይደለም። ፍጹም አምላክ ሲሆን ፍጹም ሰው ሆኖ፣ ያለ ኃጢአት፣ በእውነት አዘነ። «ለይምሰል ነው» የሚል ሰው ጌታን ያከበረ ይመስለዋል፤ መድኃኒታችንን ግን ከእጃችን እየነጠቀን ነው። እባካችሁ፣ ተከራካሪን ለመርታት ስትሉ አባቶች ያላስተማሩትን አትጨምሩ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታችሁ የምትገላበጡ፣ ጭንቀታችሁን ለንስሐ አባታችሁ እንኳ ለመንገር ያፈራችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ለእናንተ ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። «እምነት ቢኖርሽ አትጨነቂም ነበር» የሚሏችሁን አትስሙ። እምነት የጎደለው ነፍስ አይደለም በጌቴሴማኒ ያዘነው። የተጨነቀውን ልባችሁን ጌታ ያውቀዋል፤ የራሱ አድርጎ ነሥቶታልና። ዛሬውኑ ለአባታችሁ ንገሩ፤ ሕክምና ካስፈለጋችሁም ሂዱ። በምትጸልዩበትም ጊዜ ቃል ቢያጥራችሁ አትፍሩ፤ እርሱም ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።