በጋራ ኔትወርክ ላይ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ባንድዊድዝ መገደብ

አንድን የኢንተርኔት መስመር ብዙ ሰው ሲጋራው ፍጥነቱ (ባንድዊድዙ) በራሱ እኩል አይከፋፈልም። አንዱ ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀምር የሌላው ቪዲዮ ኮል ይቆራረጣል፤ የሦስተኛው ድረ ገጽ አልከፍት ይላል። ዳታን የሚያጓጉዘው ቲሲፒ የተባለው ደንብ መስመሩን የሚያካፍለው በግምት በኮኔክሽን (በሁለት መሣሪያዎች መካከል በተከፈተ ግንኙነት) ቁጥር ነው፤ ከጀርባው ስንት ሰው እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 20 ኮኔክሽን የከፈተ ሰው፣ አንድ ብቻ ከከፈተው ጋር ሲሻማ 20 እጥፍ ያህል ሊወስድ ይችላል። በተጠቃሚ ደረጃ ገደብ ማበጀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለሥራው የሚሆኑ ነፃ የኦፕን ሶርስ መሣሪያዎችም ሞልተዋል።

በሊኑክስ ሥራውን የሚሠራው ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ራሱ ነው። ትእዛዙ የሚሰጠው ቲሲ (tc) በተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ከአይፒራውት2 ጋር አብሮ ይመጣል። ለብዙ ዓመታት ዋናው ስልት ማርቲን ዴቬራ የጻፈው ኤችቲቢ ነበር፤ ዛሬም በሰፊው ይሠራል። ኤችቲቢ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሁለት ቁጥር ይቀበላል። አንዱ የተረጋገጠ ድርሻ፣ ሌላው ጣሪያ ነው። ከጎረቤት የተረፈ ፍጥነት ካለ ተጠቃሚው እስከ ጣሪያው ድረስ ይበደራል።

በቁጥር እንየው። ለአሥር ሰው የሚከፋፈል 20 ሜጋቢት አለ እንበል። ለእያንዳንዱ 2 ሜጋቢት ድርሻ፣ 20 ሜጋቢት ጣሪያ እንስጥ። አሥሩም ሲጠቀሙ ለየአንዳንዳቸው 2 ይደርሳቸዋል። ሁለት ብቻ ሲሆኑ አሥር አሥር ይወስዳሉ። ጣሪያውንም 2 ካደረግነው ግን፣ ብቻውን የቀረ ሰው በ2 ሜጋቢት ሲንቀራፈፍ 18ቱ ሜጋቢት ማንም ሳይነካው ይባክናል። ጥብቅ ጣሪያ ትርጉም የሚኖረው ሰዎች በፍጥነት ልክ ሲከፍሉ፣ ወይም መስመሩ በዳታ መጠን የሚያስከፍል ሲሆን ነው። ከዚያ ውጭ መበደርን መከልከል የተገዛን ፍጥነት መጣል ነው።

ቲሲ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ኤምቢት (mbit) ብለው ሲጽፉ ሜጋቢት በሰከንድ ይረዳል። ኤምቢፒኤስ (mbps) ካሉት ግን ሜጋባይት በሰከንድ ነው የሚለው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 2 ለመፍቀድ አስቦ 16 ሜጋቢት የለቀቀ ሰው "ገደቡ አልሠራም" ብሎ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ መባል ያለበት ግን ወረፋው፣ ማለትም ፓኬቶች (የዳታ ቁራጮች) ተራ የሚጠብቁበት ቦታ፣ የት እንደሚሠራ ነው። ራውተር ማዘግየት የሚችለው ራሱ የሚልከውን ፓኬት ነው። ወደ እኛ የሚወርደው ዳታ ጠባቡን መስመር አልፎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የማውረጃ ገደብ የሚጣለው ወደ ውስጠኛው ኔትወርክ በሚወጣው በኩል፣ አለዚያም አይኤፍቢ በተባለ ምናባዊ ኢንተርፌስ ላይ ነው። ፓኬቱ ሲዘገይ ወይም ሲጣል በሌላው ጫፍ ያለው ላኪ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ እንዲሆን ጠቅላላው ገደብ ከመስመሩ እውነተኛ ፍጥነት ትንሽ ማነስ አለበት፤ ለ20 ሜጋቢት 18 ወይም 19። ያቺን አንድ ሁለት ሜጋቢት መተው ያንገበግባል። ሆኖም ካልተተወች ወረፋው የእኛ ደንብ በማይደርስበት በአቅራቢው መሣሪያ ውስጥ ይከማቻል፤ የጻፍነው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

የወረፋ መርዘም ለራሱ አንድ በሽታ ነው። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ኮዴል የተባለውን መፍትሔ ይዘው መጡ። ኮዴል ፓኬት በወረፋ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ እያየ ይጥላል። ከዚያ ወረፋውን ለየኮኔክሽኑ የሚከፋፍለው ኤፍኪው ኮዴል ተከተለ። በ2018 ደግሞ ኬክ የተባለው ስልት ወደ ሊኑክስ 4.19 ገባ። ኬክ መጀመሪያ በኮምፒውተሮች መካከል፣ ቀጥሎ በየኮምፒውተሩ ኮኔክሽኖች መካከል እኩል ያካፍላል። ለማንም የተለየ ደንብ መጻፍ አያስፈልግም። የውስጥ አድራሻዎችን ወደ አንድ የውጭ አድራሻ በሚቀይር ራውተር ላይ ግን "ናት" የሚለውን አማራጭ ማብራት ግድ ነው፤ አለዚያ በውጭው በኩል ሁሉም ሰው እንደ አንድ አድራሻ ይታየዋል። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር በተጫነበት ራውተር ላይ ኬክን ኤስኪውኤም በተባለው ጥቅል በኩል በጥቂት ክሊክ ማስነሳት ይቻላል። ለትንሽ ኔትወርክ ከዚህ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በኩል ሉዊጂ ሪዞ የሠራው ደሚኔት አለ። የፋየርዎል ስርዓቶቹ ፒኤፍሴንስና ከእሱ ተገንጥሎ በ2015 የወጣው ኦፒኤንሴንስ በዌብ ገጻቸው በኩል ይጠቀሙበታል። ደስ የሚለው ነገሩ ማስክ ነው፤ አንድ ደንብ ተጽፎ ለእያንዳንዱ አድራሻ የራሱ ቧንቧ (የተገደበ መስመር) ይፈጠርለታል። ለማውረድ ማስኩ በመድረሻ አድራሻ፣ ለመጫን (ወደ ውጭ ለመላክ) በመነሻ አድራሻ ይሁን። ከተገላበጠ ክፍፍሉ በውጭ ሰርቨሮች ይሆናል። የድረ ገጽ ጥያቄዎችን በመሃል ሆኖ የሚያስተላልፈው ስኩዊድ ፕሮክሲም ዲሌይ ፑል የተባለ ገደብ አለው፤ የሚይዘው ግን በፕሮክሲው በኩል ያለፈውን ብቻ ነው።

እስካሁን ተጠቃሚ ስንል አድራሻ ማለታችን ነበር። ሰው ግን አድራሻ አይደለም። ስልክና ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሁለት ድርሻ ያገኛል። በአይፒቪ6 (በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) አንድ መሣሪያ ብቻውን ብዙ አድራሻ ይይዛል። በማክ አድራሻ (በመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ) ልገድብ ቢሉም፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የተለየ የማክ አድራሻ ይፈጥራሉ። ሰውን ለይቶ መገደብ ከተፈለገ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ኩቫቺሊ የመግቢያ ገጹን ያሳያል፤ ፍሪራዲየስ ማንነቱን አረጋግጦ የፍጥነቱን ልክ ለኩቫቺሊ ይነግረዋል። ልኩ ዊስፐር (WISPr) በተባለው መግለጫ ሲሰጥ ቁጥሩ የሚጻፈው በቢት ነው፤ 2 ሜጋቢት ማለት 2000000። አንድ ስም በአንድ ጊዜ በስንት መሣሪያ ላይ ሊከፈት እንደሚችልም እዚያው ይወሰናል።

ገደቡ ከተጻፈ በኋላ በሁለት ኮምፒውተር ላይ የፍጥነት መለኪያውን አይፐርፍ3 አስነስቶ መፈተን ይገባል። አንዱ ሲሠራ፣ ከዚያ ሁለቱም ሲሠሩ ቁጥሩ መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሎው ኦፍሎድ ነው። ይህ አማራጭ ራውተሩን ለማፍጠን ፓኬቶችን በአቋራጭ ያሳልፋል፤ በአቋራጭ ያለፈ ፓኬት ደግሞ ወረፋችንን ሊዘል ይችላል። ሲጠፋ ግን ጫናው ሁሉ በራውተሩ ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ርካሽ ራውተር በፈጣን መስመር ላይ ኬክን መሸከም ሊያቅተው ይችላል፤ ያኔ ሥራውን ወደ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ማዛወር ያዋጣል።