ከበባ ምንድን ነው? “ገበያው ላይ ስኳር አለ” ለሚሉ

ከሱሉልታ ወደ ሥራ ስወርድ የታክሲው ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ በምዕራብ ሱዳን ዳርፉር ስላለችው ኤል ፋሽር ከተማ ሲያወራ ሰማሁ። “ገበያው ላይ ስኳርና ሩዝ እየተሸጠ ምን ከበባ ነበር? ከበባ ማለት ወፍ እንኳ የማታልፍበት ነው” አለ። ሥራዬ የእርዳታ እህል ጭነት ማሰማራት ነው፤ ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወፍ የማታልፍበት ከበባ በታሪክም ብርቅ ነው። የቦስኒያዋ ሳራዬቮ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ለ1,425 ቀናት ስትከበብ የእርዳታ አውሮፕላን ያርፍባት ነበር፣ በአየር ማረፊያው ሥርም ዋሻ ተቆፍሮ ስንቅ ይገባ ነበር። መጠየቅ ያለበት ወደ ከተማዋ ምን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ በስንት እንደሚያልፍ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። የሚወስነው ውጭ የቆመው ጦር ከሆነ ከተማዋ ተከባለች። አንድ መንገድ ለሦስት ቀን ሲዘጋ “ተከበብን” ማለት ግን ሌላው ስህተት ነው፤ በሌላ በር መውጣት ይቻላላ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ይመጣል። ቧንቧው ማጓራት ሲጀምር ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ይነሣል። ጠዋት የመጣ እንግዳ ግቢ ውስጥ ሙሉ በርሜል አይቶ “ውሃማ አላችሁ” ቢል ምን ይባላል? ውሃ ሁልጊዜ ቢኖር በርሜሉን ማን ይገዛ ነበር? በጋሪ እያመጣ በውድ የሚሸጥልን ልጅም አለ፤ እሱ መኖሩ ቧንቧው አለመዘጋቱን አያሳይም። ኤል ፋሽር ገበያ ላይ የነበረው ስኳር ያ የጋሪ ውሃ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የኛን ቧንቧ የሚያደርቀው እጥረት ሲሆን፣ እዚያ ግን መዝጊያውን የያዘው እጅ ሆን ብሎ ነው የሚያጠብቀው፤ ምንጭ ፍለጋ የወጣውም በጥይት ይመታል።

ከሱዳን ጦር ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል (RSF) ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ኤል ፋሽርን ከቦ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ያዛት። የተመድ የጸጥታው ምክር ቤት ከበባው እንዲቆም በሰኔ 2016 በውሳኔ ቁጥር 2736 ጠይቆ ነበር። አልቆመም፤ እንዲያውም በዙሪያዋ ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ የአፈር ክምር ተሠራ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ተመድ በ2017 ክረምት ከተማዋ ውስጥ የቀረውን ሕዝብ 260 ሺህ ገደማ ብሎ ገምቶ ነበር። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብናስብ 39 ሺህ ኩንታል ይሆናል። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢጭን በየወሩ 98 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ እህል ብቻ ነው፤ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ፣ የወፍጮው ነዳጅ አልተቆጠረም። ሾፌሩ ባዶ መኪናውን ይዞ በሰላም ካልተመለሰም ሁለተኛ ዙር የለም። በግንቦት 2017 መጨረሻ ወደዚያ ያመራ የነበረው የተመድ ኮንቮይ 15 መኪና ነበር፤ አል ኩማ አካባቢ ተመትቶ አምስት ሰው ሞተ። ሁሉም ባለ 400 ኩንታል ቢሆኑና ቢደርሱ እንኳ ጭነቱ አምስት ቀን አይሞላም።

እቴጌ ጣይቱ በ1888 መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረውን የጣሊያን ጦር ውሃ ማስቆረጣቸውን እየጠቀሱ “ከበባ የነበረ ስልት ነው” የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ጦርን በምሽጉ መክበብ ዛሬም በራሱ ክልክል አይደለም። ሲቪሉን በረሃብ መውጋት ግን ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1977ቱ ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 14 ይህን ለእርስ በርስ ጦርነት ደንግጓል። ውስጧ ወታደር ስላለ ከተማ ምሽግ አትሆንም።

ጎረቤቴ እማማ ላም አላቸው። ፋጉሎ ሲገዙ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው፤ ማታ በባልዲ ይዘፈዝፉታል፣ ጠዋት በእጃቸው ያፍረከርኩታል፣ ጥቁሩ ውሃ እስከ ክርናቸው ይወጣል። ኤል ፋሽሮች አምባዝ የሚሉት የዚሁ ዓይነት ነው፦ ዘይቱ የተጨመቀ የለውዝ ቅሪት፣ የከብት መኖ። እናቶች ለልጆቻቸው አበሰሉት። ቆይቶ እሱም ተወደደ።