ጾታዊ ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረጉ ሙከራዎችና የሰብአዊ መብት ጥያቄ

በተለምዶ «የልወጣ ሕክምና» የሚባለው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸውን ሰዎች ዝንባሌ ወደ ተቃራኒ ጾታ ለመመለስ የሚደረግ ማናቸውም ሙከራ ነው። ድርጊቱ አንድ መልክ የለውም። በምክር ክፍል ውስጥ ለወራት የሚዘልቅ ንግግር ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት፣ ሆርሞን ወይም የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊሆን ይችላል፤ ጸሎትና አጋንንት ማስወጣት፣ ቤት ውስጥ መቆለፍ፣ ድብደባ፣ አስገድዶ መዳርም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ሰውየው እንዳለ ሆኖ መኖር አይገባውም የሚለው መነሻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሕክምና ይሁን እንጂ የሚፈወስ በሽታ የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ግንቦት 17 ቀን 1990 ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል ደግሞ ጥናቶችን መርምሮ በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝንባሌ በእነዚህ ዘዴዎች እንደሚለወጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን ገለጸ፤ ባለሙያዎችም ለደንበኞቻቸው እንዲህ ያለ ተስፋ እንዳይሰጡ አሳሰበ።

ማስረጃ አለን ይሉ የነበሩትም ወገኖች መሠረታቸው ጸንቶ አልቆየም። በ1973ቱ ውሳኔ ትልቅ ድርሻ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ስፒትዘር በ2001 አንዳንድ ሰዎች ዝንባሌያቸውን እንደቀየሩ የሚያመለክት ጥናት አቀረበ። ጥናቱ የተመሠረተው ተሳታፊዎቹ ስለራሳቸው በስልክ በተናገሩት ብቻ ነበር፤ ቃላቸው እውነት መሆኑን ማጣራት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ስፒትዘር በ2012 ይህንን ጉድለት አምኖ፣ ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ለከንቱ ተስፋ የከፈሉትን ሰዎች በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በ1976 የተመሠረተውና በዘርፉ ትልቁ የነበረው ክርስቲያናዊ ድርጅት ኤክሶደስ ኢንተርናሽናልም በ2013 ተዘጋ፤ ፕሬዚዳንቱ አለን ቻምበርስ ድርጅቱ ላደረሰው ጉዳት ይቅርታ ጠይቋል። ለዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች ራሳቸው የሰጡት ይህ ምስክርነት ከማንኛውም ተቺ ክርክር ይልቅ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል።

የድርጊቱ ታሪክ ጨለማ ነው። በ1944 አንድ ዴንማርካዊ ሐኪም በናዚዎች የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ በነበሩ እስረኞች ሰውነት ውስጥ ሆርሞን ቀብሮ ሞከረ። በአፓርታይድ ዘመን የደቡብ አፍሪካ ጦር በግዳጅ የተመለመሉ ወታደሮች የራቁት ወንዶች ሥዕል እየታያቸው በኤሌክትሪክ ይነዘሩ ነበር። ታላቁ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት በ1952 ከተፈረደበት በኋላ ከእስር ይልቅ ሆርሞን መወጋትን መረጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሞተ።

የቱሪንግ ምርጫ የሰብአዊ መብት ክርክሩን ዋና ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም የፈቃድ ጥያቄ ነው። የድርጊቱ ደጋፊዎች ብዙውን ጊዜ «ራሱ ፈልጎ መጣ» ይላሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ፈቅዷል ለማለት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ መረጃ ነው። የማይሠራ ነገር ይሠራል የተባለ ሰው የተስማማው ለሐሰት ነው። ሁለተኛው እምቢ ማለት መቻል ነው። እምቢ ቢል ከቤት የሚባረር ወጣት፣ ትምህርቱ የሚቋረጥበት፣ ልጆቿን የምትነጠቅ እናት ወይም ከማኅበረ ምእመናን የሚገለል ሰው አማራጭ ነበረው ማለት ያዳግታል። ጭንቀት፣ ድብርት፣ ራስን መጥላትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በእነዚህ ሙከራዎች ካለፉ ሰዎች ጋር ተያይዘው በጥናት ተመዝግበዋል። አለመሳካቱ እንኳ የሰውየው ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል፤ እምነትህ ደካማ ስለሆነ ነው፣ ከልብህ ስላልሞከርህ ነው ይባላል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

ስለ ሕፃናት ሲሆን ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 3 የሕፃኑ ጥቅም ቅድሚያ እንዲሰጠው፣ በአንቀጽ 19 ደግሞ በወላጆቹ እጅ ሳለ እንኳ ከአካላዊና ከአእምሯዊ ጥቃት እንዲጠበቅ ያዛል። ወላጅ ልጁን እንደ እምነቱ የማሳደግ መብት አለው፤ ልጁን ለጉዳት አሳልፎ የመስጠት መብት ግን አይደለም። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 7 ማሰቃየትን፣ ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፤ ይህ ክልከላ በማንኛውም ሁኔታ አይታገድም። በተባበሩት መንግሥታት ስለ ጾታዊ ዝንባሌና ማንነት የተሾመው ገለልተኛ ባለሙያ በ2020 ለሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ እነዚህ ድርጊቶች እንደ ክብደታቸው እስከ ማሰቃየት ሊደርሱ እንደሚችሉ ገልጾ በመላው ዓለም እንዲታገዱ ጠይቋል።

አገሮች የተጓዙበት መንገድ ይለያያል። የብራዚል ፌዴራል የሥነ ልቦና ምክር ቤት በ1999 ባለሙያዎቹን ከድርጊቱ ከለከለ። ማልታ በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቀድማ በሕግ አገደች። ጀርመን በ2020 ያወጣችው ሕግ በዋናነት ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ይጠብቃል፤ አዋቂዎችን የሚያካትተው ፈቃዳቸው በማስገደድ ወይም በማታለል የተገኘ ከሆነ ነው። የካናዳ ሕግ ደግሞ ከጥር 2022 ጀምሮ ዕድሜና ፈቃድ ሳይለይ ሰውን ለድርጊቱ መዳረግን በወንጀልነት ፈርጇል፤ ልጅን ለዚሁ ዓላማ ከአገር ማስወጣትንም ይቀጣል። ፈረንሳይና ኒውዚላንድ በዚያው ዓመት ተከተሉ። በሕንድ ደግሞ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 በሰጠው ትእዛዝ ጉዳዩን ከሐኪሞች የሥነ ምግባር ግዴታ ጋር አያይዞታል።

ሕግ የማይደርስበት ቦታ ግን ሰፊ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2017 ከ108,000 በላይ ሰዎችን ባሳተፈው መጠይቅ፣ በሙከራው ካለፉት ግማሽ ያህሉ ድርጊቱን የፈጸመው የሃይማኖት ተቋም መሆኑን ተናግረዋል፤ የጤና ባለሙያዎችን የጠቀሱት ከአምስት አንድ አይሞሉም። ስለዚህ ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከት ክልከላ አብዛኛውን ድርጊት ሳይነካው ያልፋል። በሌላ በኩል ሕጉ ወደ ጸሎትና ወደ ንግግር ሲቀርብ የእምነትና የሐሳብ ነፃነት ጥያቄ ይነሣል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ክልከላ በዚሁ ምክንያት ተከሶ በጥቅምት 2025 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክር ተደርጎበታል። ከላይ የተጠቀሰው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 18 እምነትን ማንም እንዳይነካ ሲጠብቅ፣ እምነትን በተግባር መግለጽ ግን የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይደነግጋል። አንድ ካህን ወይም ሰባኪ ስለሚያምነው ነገር ማስተማሩና አንድን ልጅ ለይቶ እስኪለወጥ ድረስ ማስጨነቁ አንድ አይደሉም። የኒውዚላንድ ሕግ እምነትን መግለጽ ብቻውን ወንጀል እንዳልሆነ በግልጽ ጽፎ፣ የሚከለክለው በአንድ ሰው ላይ ያነጣጠረውንና ዝንባሌውን ለመለወጥ ታስቦ የሚፈጸመውን ድርጊት እንደሆነ ለይቶ አስቀምጧል።